ካርድ ማውጣት

ባለፈው ሰሞን ጓደኛዬ ወልዳ ልጠይቃት ሄጄ ነበር። ሕፃኑን አቅፌ አንገቱ ሥር ሳሸተው ሳላስበው «ውይ፣ ካርታ ካርታ ይሸታል» አልኩ። ቤት ሙሉ ጠያቂ ዞሮ አየኝ። የጓደኛዬ እናት ልጁን ከእጄ ሊነጥቁኝ ምንም አልቀራቸው። የሸተተኝ እኮ የሕፃን ፓውደር ነው። ለሰው ሁሉ ፓውደር ሕፃን ሕፃን ይሸታል፤ ለእኔ ግን ጋምቤላ ጋምቤላ፣ ክረምት ክረምት፣ የጋሽ ኦኬሎ በረንዳ ነው የሚሸተኝ። ያን ቀን ቤት ላሉት ሁሉ ሳወራ ዋልኩ፤ ለእናንተም ካልነገርኩ አይወጣልኝም።

ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው። እናቴ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ፣ አባቴ አስተማሪ ነበሩ፤ ከባሮ ወንዝ ብዙም ሳንርቅ በጋሽ ኦኬሎ ግቢ ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ጋሽ ኦኬሎ አኙዋክ ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ለሙቀቱ ብለው አንገታቸው ላይ ሁልጊዜ ነጭ ፓውደር የሚነሰንሱ ሽማግሌ። ሥራቸው የጀልባ ሞተር መጠገን ነው። በወጣትነታቸው ወደ ሱዳን በሚወርዱ ጀልባዎች ላይ ሲሠሩ እንግሊዝኛ ለምደዋል። አማርኛቸውም ጥሩ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ይጎድለዋል። በእሳቸው አማርኛ «አንቺ» የሚባል የለም። እኔም አንተ ነኝ፣ አክስቴም አንተ ናት፣ እናቴም ከሥራ ስትገባ «ሲስተር፣ አንተ ዛሬ ቆየህ» ነው የምትባለው። እናቴን ግቢውም ሰፈሩም ሲስተር እንጂ በስሟ የሚጠራት የለም። እኔ ራሴ እማዬ ነው የምላት፤ ሌላ ስም ያስፈልጋታል ብዬም አላውቅ።

በዚያ ዓመት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ አባቴ እስከ መስከረም አጋማሽ ለሚቆይ የክረምት ኮርስ ጅማ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ እናቴን ትየርኪዲ መደቧት። ትየርኪዲ ኢታንግ አጠገብ ያለው የስደተኞች ካምፕ ነው፤ በሽተኛ በዝቶ ነርስ አንሷል ተባለ። እኔን እንድትጠብቅ ታናሽ እህቷ አክስቴ ዘነቡ ከመቱ መጣች። እናቴ መኪናው ላይ ልትወጣ ስትል እግሯን ይዤ አለቅም አልኩ። ጎንበስ አለችና «ፔሸንቶቼ ሲያልቁልኝ እመጣለሁ። ለእንቁጣጣሽ እዚህ ነኝ፤ አበባሽን ማን ሊሠራልሽ?» አለችኝ።

ይሄ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። የእኛ ቆላ አደይ አበባ አያበቅልም፤ የሌላ ሰው ልጆች ቄጤማ ነቅለው፣ ያገኙትን ቅጠል ይዘው ነው አበባየሆሽ የሚሉት። የእኔ እናት ግን ከቢጫ ወረቀት ቆርጣ፣ ቅጠል በቅጠል አጥፋ፣ በቀጭን ሽቦ አስራ አደይ ትሠራለች። ደጋ ተወልዶ ያደገ ሰው ሲያየው ዓይኑ እንባ ያቀርራል። እኔ ያን አበባ ይዤ ስወጣ ከፊት ነው የምቆመው። ያለ እማዬ አበባ የለም፣ ያለ አበባ ደግሞ እንቁጣጣሽ ምን ሊሆን ነው?

ፔሸንት የሚለውን ቃል ደግሞ እንደ ስሜ ነው የማውቀው። ራት ላይ «ዛሬ ፔሸንት በዛ»፣ ጠዋት በር ላይ «ፔሸንት እየጠበቀኝ ነው፣ ልቀቂኝ»። እናቴን የሚወስድብኝ ይኸው ፔሸንት የሚሉት ነገር ነው። እንዴት እንደሚያልቅ ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር።

ዝናቡ ገባ። የጋምቤላ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጦ እንኳ መሰማማት የለም። አንድ ከሰዓት በኋላ አክስቴ ተኝታ እኔ ሰልችቶኝ ስወጣ፣ ጋሽ ኦኬሎ በረንዳቸው ላይ ከአሮጌ ጀልባ በተነቀለ ሰፊ ጣውላ ላይ ካርታ ይደረድራሉ። ከጎናቸው አንድ ሞተር ተፈታቶ ጨርቅ ላይ ተዘርግቷል። በወበቁ ካርታው እርስ በርሱ ሲጣበቅባቸው ከአንገታቸው ፓውደር ቆንጠር አድርገው መዳፋቸውን ያሹና ይበውዛሉ። ያ ሽታ ከዚያ ጀምሮ አለቀቀኝም።

ምን እየሠሩ እንደሆነ በጩኸት ጠየቅኳቸው።

«ፔሸንስ» አሉኝ።

በዚያ ዝናብ ውስጥ እኔ የሰማሁት «ፔሸንት» ነው። ልቤ ዘለለ። «የታሉ?» አልኩ።

«እዚህ ነው። ካርድ አይታይህም?»

ካርድ። እንግዲህ ሆስፒታል የሄደ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ በር ላይ መጀመሪያ የሚባለው «ካርድ አውጡ» ነው። ካርድ ያላወጣ በሽተኛ፣ ደም እያስታወከም ቢሆን፣ የሚያየው የለም። የሲስተር ልጅ ሆኜ ይሄ ይጠፋኛል? ይሄ ሲያልቅ ምን ይሆናል ብዬ ጠየቅኩ። ካርዱ ሁሉ ወደ ላይ ከሄደ ፔሸንስ ወጣ ይባላል አሉኝ። ወጣ። ሰው ከሆስፒታል ወጣ ማለት ዳነ ማለት አይደል? ሁሉም ከወጡ አለቁ፤ ካለቁ ደግሞ እማዬ ትመጣለች። ለካስ ነገሩ ያለው ከደጃችን ነው። በደስታ እግሬ መሬት አልነካም። ጣውላው አጠገብ ዘፍ አልኩና ያስተምሩኝ አልኩ።

እንዴት እንደሚጫወቱት በገባኝ መንገድ ልንገራችሁ፣ ዛሬም በሌላ መንገድ አይገባኝም። መጀመሪያ ሰባት ክፍል ጎን ለጎን ይዘጋጃል። የመጀመሪያው ክፍል አንድ ካርድ ይይዛል፣ ሁለተኛው ሁለት፣ ሰባተኛው ሰባት። ሁሉም ተደፍተው ይደረደራሉ፣ ከላይ ያለው ብቻ ይገለጣል። የተደፉት ብርድ ልብስ ተከናንበው የተኙት ናቸው፤ የተገለጠው ተራ የደረሰው። የተረፈው ካርድ ተቆልሎ ከጎን ይቀመጣል፤ እሱ ገና በር ላይ የቆመው ወረፋ ነው፣ እየተገለጠ ይገባል። የተገለጠ ካርድ በአንድ በሚበልጠው ላይ ይደረባል፣ ስድስት ሰባት ላይ፣ ሰባት ስምንት ላይ። ከላዩ ሲነሳለት ሥሩ የተኛው ይገለጣል። ከወዲያ በላይ በኩል አራት ቦታ አለ፣ ለልብ፣ ለዳይመንድ፣ ለአበባና ለጦር። እዚያ መጀመሪያ የሚቀመጠው ኤ የተጻፈበት አንዱ ነው፤ ከዚያ ሁለት፣ ሦስት እያለ እስከ ኬ ይሄዳል። የመውጫው በር እሱ ነው። አንድ ክፍል ባዶ ሲሆን ሊገባበት የሚፈቀድለት ኬ ብቻ ነው። ኬ ጢም አለው፣ ፊቱም ኮስተር ያለ ነው፤ ዶክተሩ መሆን አለበት። ኪው ደግሞ ሴት ናት፣ አበባም ይዛለች፤ እሷማ ማን እንደሆነች ለመናገርም አያስፈልግም። ጋሽ ኦኬሎ ግን እሷንም «እሱ» ነው የሚሏት።

አንድ ሕግ ብቻ ጉዳይ ሆነብኝ። ቀይ ስድስት ቀይ ሰባት ላይ ልደርብ ስል እጄን ያዙኝ።

«ቀይ ጥቁር ላይ። ጥቁር ቀይ ላይ። ቀይ ለብቻው አይሄድም፣ ጥቁር ለብቻው አይሄድም» አሉ።

ጋምቤላ ያልኖረ ሰው ይሄን እንደ ዋዛ ነው የሚሰማው። ከደጋ የመጣነውን እኛን ቀይ ይሉናል፤ አኙዋኩና ኑዌሩ ጥቁር ነው። ትምህርት ቤት ስንጣላ «አንቺ ቀይ» ተብዬ አልቅሼ ገብቼ አውቃለሁ። ጣውላው ላይ እጄን ከእጃቸው ጎን አየሁት። ከዚያ ደግሞ አሰብኩ። ትየርኪዲ ያሉት ከደቡብ ሱዳን የመጡት ፔሸንቶች ጥቁር ናቸው፣ እማዬ ቀይ ናት፤ ለካ ለዚህ ነው የወሰዷት። ነገሩ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ያን ቀን ራሴን የዶክተር ያህል አዋቂ አድርጌ ነው የገባሁት።

ከዚያ በኋላ የሚያቆመኝ ጠፋ። ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ በረንዳው ላይ ነኝ። ጨዋታው ደግሞ እንዳሰብኩት እሺ አይልም። አንድ ጥቁር ዘጠኝ ከቀይ አራት ሥር ተቀብሮ ይተኛና ሁሉን ያግዳል፤ ወረፋውን ብትገለብጠው ብትገለብጠው የሚገባ የለም። ጋሽ ኦኬሎ ሳይናደዱ ሰብስበው እንደገና ይበውዛሉ፤ እኔ ግን ያልዳኑት ያሳዝኑኝና ይቅርታ እላቸዋለሁ። አንድ ጊዜ መውጫው ላይ ያስቀመጡትን ቀይ አምስት ወደ ታች ሊመልሱት ሲሉ ቀሚሴ እስኪገለብ ዘልዬ ነጠቅኳቸው። የዳነ ሰው ተመልሶ ይተኛል እንዴ? ገርሟቸው አዩኝና ተዉት፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ከላይ አልመለሱም።

የሚወጣበት ቀን ሲመጣ ግን እንዴት እንደምሆን። አንዱ ከሄደ ሌላው ይከተላል፣ ልቦች፣ አበባዎች፣ ጦሮች ተራ በተራ ይወጣሉ፣ ጋሽ ኦኬሎ ጣውላውን በጣታቸው እንደ ከበሮ ይመታሉ፣ እኔ ግቢውን እዞራለሁ። አንድ እንዲህ ያለ ቀን ከሰዓት እናቴ ደወለች። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ፔሸንቶቹ እንዴት ናቸው ስላት፣ ዛሬ ጥሩ ነው፣ ብዙ ሰው ወደ ቤቱ ሄደልን አለች። ስልኩን ለአክስቴ ወርውሬ እየጮህኩ ወጣሁ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

አክስቴ ዘነቡ ግን ካርታ በዓይኗ እንዲዞር አትፈልግም። ጾመ ፍልሰታ ገብቷል፣ እሷ እህል ሳትቀምስ ትውላለች፣ እኔ ቁማር ላይ ተጥጄ። ስልኩን ተቀብላ «ትጌ፣ ልጅሽ ቁማርተኛ ሆናልሻለች፣ በኋላ አልነገርሽኝም እንዳትዪ» ስትል ሰማኋት። ወዲያ በኩል እናቴ ምን እንዳለቻት አላውቅም፣ ሳቋ ግን ከስልኩ ወጥቶ ተሰማኝ። አክስቴ የሆስፒታል ነገር የማይገባት ሰው ስለሆነች አልተቀየምኳትም።

የምጠላው ሞተሩን ነበር። ጋሽ ኦኬሎ ጨዋታው ጣፍጦ ባለበት ድንገት ይነሱና አንዷን ብሎን አንስተው በናፍጣ ያጥባሉ፣ በአሸዋ ወረቀት ይፈትጋሉ፣ ወደ መብራት አስጠግተው ያያሉ። እዚህ ሰባት ክፍል ሙሉ ሰው ተኝቷል፣ እሳቸው ብሎን ይፈትጋሉ። ቶሎ ይምጡ ብዬ ስጨቀጭቃቸው «ሞተርም ፔሸንስ ይፈልጋል» አሉኝ። ሞተር ለምን ፔሸንት እንደሚፈልግ ብዙ አሰላሰልኩ። በመጨረሻ የሆስፒታሉ ጄኔሬተር ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ነሐሴ አልቆ ጳጉሜ ሲገባ ባሮ ሞልቶ የታችኛውን ማንጎ ግንዱን ያዘው። ውሃው ጭቃ ቀለም ሆኖ የዛፍ ጉቶ እያንሳፈፈ ይወርዳል። እናቴ ደውላ የኢታንግ መንገድ በውሃ ተቆርጧል፣ መኪና አያልፍም፣ ፔሸንቱም አላለቀም አለች። አክስቴ ከስልኩ በኋላ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ያዘች። እኔ ግን አላለቀስኩም። ከመንገዱ የሰማሁት ነገር የለም፤ የሰማሁት ፔሸንቱ አላለቀም የሚለውን ነው። እሱን ደግሞ እኔ አውቃለሁ። ጋሽ ኦኬሎ ዘንድ ሮጬ ሄጄ፣ እናቴ ለእንቁጣጣሽ ትመጣለች፣ ፔሸንቱን መጨረስ አለብን፣ ዛሬ ሞተር የለም አልኳቸው። የያዙትን ብሎን አስቀመጡ። ከዚያ ካርታውን አነሱ።

አልወጣም። ደግመን ጀመርን፤ አልወጣም። የመጨረሻው እንዲያውም ሊወጣ ምንም አልቀረው ነበር፤ ላይኛው ቦታ ግማሹ ሞልቶ፣ ወረፋው አልቆ፣ አንድ ክፍል ብቻ ጥቂት የተደፉ ካርዶች ይዞ ዘጋ። ካየን ካየን በኋላ ጋሽ ኦኬሎ ሊሰበስቡት እጃቸውን ሲዘረጉ ደረቴን ጣውላው ላይ ጣልኩት። አይነሳም አልኳቸው። እንዲህ ተኝተው ጥለናቸው አንሄድም። የያዝኩትን እንባ ሁሉ ያን ጊዜ ለቀቅኩት።

ጋሽ ኦኬሎ ተነሱ። እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፣ ገጥመው የጨረሱትን ሞተር ትከሻቸው ላይ አወጡና በዝናቡ ወደ ወንዙ ወረዱ። እንዲህ ተናድጄ አላውቅም። ያን ሁሉ በሽተኛ ጥለው ለሞተር።

አክስቴ ዘነቡ ጩኸቴን ሰምታ መጣች። ካርታውን በአንድ ጠራርጋ የምትበትነው መስሎኝ ነበር። ቆማ አየችኝ፣ ካርታውን አየች፣ ገብታ የአልጋዋን አጎበር ነቅላ አመጣችና ጣውላው ላይ አለበሰችው። ዶሮ እንዳይበትነው ነው አለች፣ ሌላ ነገር እንዳይመስለኝ። በማግስቱ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ዶሮ ስታባርር፣ ፍየል ስታባርር የዋለችው ያቺው ቁማር ነው ስትል የነበረችው ሰው ናት።

ከሰዓት በኋላ ከወንዙ በኩል የሞተር ድምፅ መጣ። ብዙ ሞተር ያልፋል፣ ግን እንደሱ ያለ ጥርት ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ማን እንደነገረኝ አላውቅም፣ በጭቃው እየተንሸራተትኩ ስወርድ ጋሽ ኦኬሎ ከጀልባው ኋላ ሞተሩን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ከፊታቸው ፕላስቲክ የተከናነበች ሴት አለች። ለካ ኢታንግ ድረስ በወንዙ ሄደው ኖሯል። ፕላስቲኩን ገልጣ እጇን ስታነሳ እናቴ ናት። ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቴ ገባሁ፣ አክስቴ ከኋላ ቀሚሴን ይዛ ትጎትተኛለች። እናቴ አንስታ አቀፈችኝ፤ ናፍጣና ዝናብ ትሸታለች። የመጀመሪያው ቃሌ «ፔሸንቶቹ አለቁ?» ነበር።

«ፔሸንት መቼ ያልቃል የኔ እናት። ለበዓሉ ፈቃድ ሰጥተውኝ ነው» አለች።

አላለቁም። እንግዲያ ቶሎ ነው። እጇን ይዤ እየጎተትኩ፣ ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ በረንዳው ላይ አደረስኳትና አጎበሩን ገለጥኩት። ጎንበስ ብላ አየች።

«ይሄ ሶሊቴር አይደል እንዴ? ቢሯችን ኮምፒውተር ላይ አለ እኮ፣ ማታ ማታ እሱ ነው ጓደኛዬ» አለች። ተቀመጠች። እርጥብ ልብሷ ጣውላው ላይ እየተንጠባጠበ አየችው፣ አየችውና ከመውጫው ላይ አንዱን ቀይ አምስት አንስታ ወደ ታች ጥቁር ስድስት ላይ አስቀመጠችው።

የዳነ አይመለስም ብዬ እጇ ላይ ተጣበቅኩ።

«አንዳንዴ ይመለሳል» አለች እናቴ በሥራ ድምፅዋ። «ይመለስና ለሌላው መንገድ ይከፍታል። ከዚያ እሱም ይድናል።»

ጥቁር አራቱ ቀይ አምስቱ ላይ ሄደ። ሥሩ የተኛው ተገለጠ። የልቡ ኤ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በዓይኔ መከተል አልቻልኩም፤ ሁሉም ተነሱ፣ ሁሉም ወጡ፣ አምስቱም ተመልሶ ዳነ፣ የመጨረሻው ኬ እንኳ ወጣ። ፔሸንቶቹ ወጡ፣ ፔሸንቶቹ ወጡ እያልኩ ግቢውን ስዞር እናቴ ያዘችኝና የምን ፔሸንት ነው የምትዪው አለች። በአንድ ትንፋሽ ሁሉን ነገርኳት፣ ካርዱን፣ ወረፋውን፣ ዶክተሩን፣ ሲስተሯን። ወደ ጋሽ ኦኬሎ ዞራ የጨዋታውን ስም ማን ብለዋት ነው ብላ ጠየቀች።

«ፔሸንስ» አሉ።

እናቴን ሳቅ ያዛት፤ እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም፣ እያለቀሰች ነው የምትስቀው። አክስቴ ምን ማለት ነው፣ ምን ማለት ነው እያለች ትነዘንዛታለች።

«በእንግሊዝኛ ትዕግስት ማለት ነው» አለች እናቴ።

አክስቴ አፏን በእጇ ያዘች። ጋሽ ኦኬሎ ሴቶቹን ምን እንዳሳቃቸው አልገባቸውም፤ ሁላችንንም ተራ በተራ ያዩናል። አክስቴ የሲስተር ስም እኮ ነው፣ ትዕግስት ነው የምትባለው አለቻቸው። እሳቸው ዓመታት ሙሉ ሲስተር ከማለት ሌላ ስሟን ሰምተው አያውቁም። እናቴን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

«ሲስተር» አሉ፣ «አንተ ፔሸንስ ነህ?»

እንቁጣጣሽ ጠዋት ቢጫ አደዬን ይዤ ከፊት ቆምኩ። ጋሽ ኦኬሎ በር ላይ አበባየሆሽ ስል እሳቸውም ከሕፃናቱ ጋር ለምለም እያሉ ተቀበሉ፤ ለእሳቸው ለብቻ አንድ አበባ ተሠርቶላቸው ጆሯቸው ላይ ሰክተውታል።

የፈቃዱ ቀን ሲያልቅ እናቴ በዚያው ጀልባ ተመለሰች። እግሯን አልያዝኩም። ጀልባው በማንጎዎቹ ዞሮ እስኪጠፋ አየሁና ተመልሼ በረንዳው ላይ ወጣሁ። መዳፌን በፓውደር አሸሁ፣ በወዝኩ፣ ሰባቱን ክፍል ደረደርኩ። አክስቴ መጥታ ከላዬ ቆመች፣ ደግሞ ምን ልትሠሪ ነው አለችኝ።

«ለእማዬ ካርድ እያወጣሁላት ነው» አልኳት።

ነጠላዋን ሰብስባ ከጎኔ ተቀመጠች። ትንሽ አየችና በጣቷ እየጠቆመች፣ ያ ቀይ ዘጠኝ እዚያ ጥቁር አሥር ላይ አይሄድም እንዴ አለችኝ።